ከኮምቦልቻ በታች በቦርከና ዳር ወፎች በሚመገቡበት ስፍራ እህልና ሥጋ ማስቀመጥ ተገቢ ነው?

ጧት በቦርከና፦

ሰላም ለደሴና ለኮምቦልቻ የወፍ ወዳጆች። ከኮምቦልቻ ወደ ሀርቡ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ተጉዞ፣ ከአስፋልቱ ወርዶና በእርሻ መካከል በእግር ሄዶ የሚደረስበት አንድ የቦርከና መታጠፊያ አለ። ከእናንተ መካከል የምታውቁት አላችሁ፤ ቦታው ጸጥ ብሎ የቆየው ሰው ስለማይበዛበት ስለሆነ ግን ትክክለኛ መድረሻውን እዚህ ላይ ባልጽፈው እመርጣለሁ። ወንዙ እዚያ ሲታጠፍ ጉልበቱ ስለሚቀንስ በክረምት ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ጠርጎ ያመጣውን አሸዋና ደለል ያራግፋል። ክረምቱ ሲወጣ ውኃው እየሳሳ ይሄድና ሰፊ የጭቃና የአሸዋ ዳርቻ ይገለጣል። ወፎቹ የሚመገቡት እዚያ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ጉዳይ የሚከተለው ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወደ ስፍራው የሚመጡ ሰዎች ወፎቹ ቀረብ እንዲሉላቸው በማሰብ የተረፈ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ስንዴና ገብስ መበተን ጀምረዋል። ከበዓል ማግስት ደግሞ የበግ ሆድ ዕቃ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ተመልክቻለሁ። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ክፉ አሳብ እንደሌላቸው አውቃለሁ፤ ከሩቅ ነጥብ መስሎ የሚታይ ወፍ በቅርብ ማየት የማይመኝ የለም። ሆኖም ስፍራው በዚህ አያያዝ መልኩን እየለወጠ ነው ብዬ እሰጋለሁ፤ ስጋቴንም በምክንያት ላስረዳ።

በዳርቻው ላይ ማን ምን እንደሚበላ ረጋ ብሎ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያያል። ከአናቱ በስተኋላ ሹል ጉትያ የወጣለት ቡናማ ወፍ አለ፤ በሾላ ዛፍ ላይ ከእንጨትና ከጭቃ እስከ 1.5 ሜትር የሚሰፋ ጎጆ የሚሠራው እርሱ ነው። ይህ ወፍ ሲመገብ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ይቆምና አንድ እግሩን ወደ ፊት ሰድዶ ጭቃውን በፍጥነት ያንቀጠቅጠዋል፤ ጭቃው ሲደፈርስ የተደናገጠው እጭ እንቁራሪት ብቅ ይላል፣ ምንቃሩም ወዲያው ይወርድበታል። ከዚያ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ያንኑ ይደግማል። ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር የሆነው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ከውኃው በላይ ክንፉን እያርገበገበ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ድንገት ቁልቁል ተወርውሮ ዓሣ ይዞ ሲወጣ ቅርንጫፍ ላይ ያርፍና የዓሣውን ራስ ከእንጨቱ ጋር ደጋግሞ ይመታዋል፤ ጸጥ ሲልለትም አዙሮ ከራሱ በኩል ይውጠዋል። ጋጋኖ ቆልመም ያለውን ረጅም ምንቃሩን እርጥብ ሣር ውስጥ እየሰካ ትልና ጢንዚዛ ይፈልጋል። ነጩ ሳቢሳ ከከብት ኮቴ ሥር የሚነሣውን ፌንጣ እየተከተለ ይለቅማል።

እንግዲህ ከእነዚህ ውስጥ እንጀራ ወይም ስንዴ የሚበላ አንድም የለም። የተበተነው እህልና የተዘረጋው ሥጋ የሚጠራቸው ቁራን፣ ጭላትን፣ እርግብንና አባ ኮዳን ነው፤ እነርሱን ደግሞ በከተማችን ቆሻሻ መጣያ ሁሉ እናያቸዋለን። ቁራና ጭላት ምግቡን ሲጨርሱ በዚያው ይቆዩና በዙሪያው ያለውን የሌሎች ወፎች ጎጆ እንቁላልና ጫጩት ይበረብራሉ። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ስፍራው ላይ ምንም ዓይነት ምግብ ባይቀመጥ ይሻላል። በሙያም በልምድም የምታውቁ ሰዎች አስተያየታችሁን ብትሰጡበት ደስ ይለኛል።

ጦሳ ሥር፦

ወንድሜ፣ ጉዳዩን ስላነሣኸው አመሰግንሃለሁ። እኔ ደሴ የማስተምር ሰው ነኝ፤ በእረፍት ቀን ወደ ቦርከና ቁልቁል መውረድ ከጀመርሁ ቆይቻለሁ። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ አንድ ሰው በአንድ ጧት ቁልቁለቱን ወርዶ ሁለት የተለያዩ የወፍ ዓለሞችን ማየት ይችላል። ደሴ ላይ በየጣሪያው የምናያት አንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት እርግብ፣ እንዲሁም ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ምንቃረ ወፍራሙ ቁራ፣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የትም አይገኙም። ብዙ የሩቅ አገር ሰዎች እነርሱን ለማየት ባሕር አቋርጠው ይመጣሉ፤ እኛ ግን ከመስኮታችን ቀና ብለን አናያቸውም።

በአሳብህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የቦርከና ውኃ ወደ አዋሽ የሚወርድ ስለሆነ መታጠፊያው የሚገኘው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። ስምጥ ሸለቆውና ቀይ ባሕር የሚሠሩት መስመር በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ የስደተኛ ወፎች መንገዶች አንዱ ሲሆን፣ ሽመላን፣ ንስርንና ሌሎችን ጨምሮ በነፋስ ላይ ተንሳፍፈው የሚጓዙ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ትላልቅ ወፎች በየዓመቱ ያልፉበታል። ከእነርሱ ሌላ ከአውሮፓና ከሩሲያ ሰሜናዊ ክፍል የሚመጡ፣ ከድንቢጥ ብዙም የማይበልጡ፣ እግራቸው ቀጭን የሆነ የውኃ ዳር ወፎች ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ በጭቃው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሯሯጡ ታያቸዋለህ። እነዚህ ትንንሽ ወፎች በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚበሩት በሰውነታቸው ውስጥ ባከማቹት ስብ ነው፤ ጭቃው ውስጥ የሚለቅሙት ትል ያንን ስብ መልሶ የሚተካላቸው ነው። ሰው እህል ለመበተን ወደ ውኃው ጠርዝ በቀረበ ቁጥር፣ ጭላትም ሥጋውን አይቶ በላያቸው ባንዣበበ ቁጥር፣ ተነሥተው ይበራሉ። ለመብረር ስብ ያቃጥላሉ፤ የመመገቢያ ጊዜያቸውም ያልፋል። እኛ «አበላናቸው» ስንል እነርሱ ከገበታቸው ተነሥተዋል።

ወፍ ማየት ለሚፈልግ ሰው የሚጠቅመው የአቀማመጥ ዘዴ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ደርሶ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ መቀመጥ፣ ከውኃው ጠርዝ ቢያንስ አርባ ሜትር ያህል መራቅ፣ ቁጥቋጦ ወይም የወደቀ ግንድ ተገን ማድረግ፣ ከዚያም አለመነሣት ነው። ነጭ ጋቢና ነጭ ነጠላ ከሩቅ ስለሚታዩ ቤት ይቆዩ፤ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ልብስ ይሻላል። ወፎቹ መብላት አቁመው አንገታቸውን ቀና ካደረጉ መቅረባችን በዝቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ባለንበት ቆመን ወይም ቀስ ብለን ወደ ኋላ ተመልሰን እንደገና ምንቃራቸውን ወደ ጭቃው እስኪያወርዱ መጠበቅ አለብን።

የቃሉ ገበሬ ልጅ፦

እኔ የምጨምረው ከወንዙ ዳር ሆኖ ማሳውን ለሚጠብቀው ሰው ስል ነው። ያደግሁት የማሽላ ማማ ላይ ነው። ማሽላው ወተት መቋጠር ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እስኪታጨድ ድረስ፣ ጎሕ ሲቀድ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍና ጅራፍ ይዞ፣ ቆርቆሮ እየመታ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ መጮህ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቀው የሠራው ነው። አንድ የግሪሳ ወፍ በቀን 10 ግራም ያህል ጥሬ ይበላል፤ ሲሰሙት ኢምንት ነው። ነገር ግን ግሪሳ ለብቻው መጥቶ አያውቅም፤ መቶ ሺህ ሆኖ አንድ አካባቢ ቢያርፍ በቀን አሥር ኩንታል ማለት ነው፤ የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ቀለብ በአንድ ጧት ይሄዳል።

ስለዚህ ከማሳው ጥግ ላይ ስንዴና ገብስ የሚበትን ሰው ጥሬ በል ወፎችን ወደ ማሳው ጠርቶ መሄዱን ይወቅ። እርሱ ፎቶ አንሥቶ ወደ ከተማ ይመለሳል፤ ወፎቹ ግን የተማሩትን አይረሱም፤ በማግስቱም እዚያው ናቸው። አባቴ ከከተማ የሚመጡትን ሰዎች በክብር ያሳልፋቸዋል፤ ውኃም ይሰጣቸዋል። እህሉን ሲያይ ግን ፊቱ ይለወጣል፤ እውነቱን ነው። እባካችሁ ወደ ወንዙ ስትወርዱ በመስኖው ቦይ ጠርዝ ሂዱ፣ ጤፉን አትርገጡ፣ ማሳው ላይ ያለውን ሰው ሰላም በሉት። ምን ወፍ መቼ እንደሚመጣ ከእርሱ የበለጠ የሚነግራችሁ የለም።

የሁለት ልጆች እናት፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። የተጻፈውን በሙሉ በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን በአንዳንዱ አልስማማም፤ እንዳትቀየሙኝ። እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ልጆቼ ወፍ የሚባል ነገር ማየት የጀመሩት እህል በመበተን ነው። ከዚያ በፊት ዛፍ ላይ የተቀመጠ ወፍ ሲያዩ የሚያነሡት ድንጋይ ነበር። ዛሬ ትንሹ ልጄ የእርግብንና የዋኖስን ድምፅ ለይቶ ይነግረኛል። አርባ ሜትር ርቃችሁ ሳትንቀሳቀሱ ተቀመጡ ቢባሉ የስምንትና የስድስት ዓመት ልጆች እንዴት ይሆንላቸዋል?

ሌላው ደግሞ፣ እኛ ወሎዎች ወፍን ማብላት ሰደቃ ነው ተብለን ነው ያደግነው። እናቴ ጥሬ ስታበጥር ለወፍ ብላ ጭብጥ የምታህል ሳትተው አትገባም ነበር። ይህንን ከልጅነት ጀምሮ በጎ ሥራ ነው ያልነውን ነገር በአንድ ቀን ጥፋት ነው ብሎ መፈረጅ ይከብደኛል። ጉዳት ካለው በግልጽ ይነገረንና እንወቀው።

የእንስሳት ሐኪም ከኮምቦልቻ፦

እህቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። የእናትዎ አድራጎትም በጎ ነው፤ ከግቢ ወድቆ በዚያው ቀን ተለቅሞ የሚያልቅ ንጹሕ ጥሬ ወፍ ሲጎዳ አላየሁም። ጉዳት የሚመጣው ምግቡ ሲበዛ፣ ሲያድርና ወፎች ያለ ልክ አንድ ቦታ ላይ ሲከማቹ ነው። በግልጽ ይነገረን ስላሉ ላብራራ።

እርጥበት ያገኘ እንጀራና ዳቦ ብዙም ሳይቆይ ይሻግታል። ከሻጋታዎቹ አንዱ የሆነው አስፐርጂለስ ዘሩ በትንፋሽ ገብቶ የወፍን ሳንባና የአየር ከረጢት ያቆስላል፤ ከወንዝ ዳር እርጥበት የተነሣ ደግሞ ይህ በፍጥነት ይሆናል። ጨው የበዛበት የወጥ ትራፊ ለትንሽ ወፍ ኩላሊት ሸክም ነው። እርግቦች በጉሮሯቸው ውስጥ የሚይዙት ትሪኮሞናስ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ አለ፤ አንድ እርግብ ወደ አፏ ያስገባችውን ጥሬ ስትተፋና ሌላው ሲያነሣው ይተላለፋል። በብሪታንያ ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሰዎች በየጓሯቸው በሚያስቀምጡት የወፍ መመገቢያ አማካይነት ወደ ሌሎች ጥሬ በል ወፎች ተዛምቶ፣ በጣም የተለመደ የነበረውን አንድ አረንጓዴ ወፍ ከግማሽ በላይ ቀንሶታል። ያበሉት ሰዎች ወፍ የሚወዱ ነበሩ።

ሁለተኛው ነገር የዘር እህል ነው። ለዘር ተብሎ በፀረ ተባይና በፀረ ሻጋታ መድኃኒት የታሸ ስንዴ ወይም በቆሎ ብዙ ጊዜ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቀይ ይቀላል። ከዘር የተረፈ ነው፣ ሰው አይበላውምና ለወፍ ይሁን ተብሎ የተበተነ እንደሆነ ጥቂት ፍሬ ብቻ ወፉን ሊገድለው ይችላል፤ የሞተውን ወፍ የበላው ጭልፊትም አብሮ ሊጎዳ ይችላል።

የበግ ሆድ ዕቃውን ነገር ግን ከሁሉ አስበልጬ እቃወማለሁ፤ በዚህ ላይ ከወፍ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሰው ጤና ነው። በበግና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የሚፈጥር ጥገኛ ትል አለ፤ አራጆች ሁሉ ያውቁታል። ያንን ከረጢት ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ በውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ውኃውንና ሣሩን ይበክላል፤ ወደ ሰው ሲገባ ደግሞ በጉበታችን ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ወንዝ ዳር የተጣለ ሥጋ ከጭላት ቀድሞ የሚደርስበት ውሻ ነው። ሆድ ዕቃ መቀበር አለበት።

ጥንብ አንሣን በሚመለከት ደግሞ አንድ ቃል ልበል። እነዚህ ወፎች በአደጋ ላይ ናቸው፤ በአገራችን ከሚገኙት መካከል ነጭ ጀርባው፣ የሩፔል የሚባለውና ትንሹ ቆብ ለበስ ጥንብ አንሣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መደብ ገብተዋል። በአፍሪካ ትልቁ ምክንያት ለጅብና ለውሻ ተብሎ በጥንብ ውስጥ የሚጨመር መርዝ ነው። በደቡብ እስያ ደግሞ ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ የተሰጣቸውን ከብቶች ጥንብ በልተው በሚሊዮን አለቁ፤ ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2006 መድኃኒቱን ለእንስሳት እንዳይሰጥ ከለከሉ። ስለዚህ ምን መድኃኒት እንደተወጋ ያልታወቀ የከብት ጥንብ ለጥንብ አንሣ ግብዣ አድርጎ ማውጣት አይገባም።

ባለ ካሜራው፦

የዶክተሩን ማብራሪያ አስቀምጬዋለሁ፤ ለጓደኞቼም እልከዋለሁ። በፎቶ በኩል ያየሁትን ልናገር፤ ሥጋ በተቀመጠበት ቀን የሚገኘው ፎቶ የጭላትና የቁራ ግርግር ብቻ ነው። ዓሣ አጥማጁን ወፍ የሚፈልግ ሰው ወፉ የሚመላለስበትን ደረቅ ቅርንጫፍ አስቀድሞ ለይቶ፣ ከእርሱ ፊት ለፊት ተደብቆ ይቀመጥ፤ ያ ወፍ ወደ ወደደው ቅርንጫፍ ሳይመለስ አይውልም። ትልቅ ካሜራ የሌለው ሰው የስልኩን ካሜራ በባይኖኩላሩ መመልከቻ ላይ አስጠግቶ ማንሣት ይችላል። ባይኖኩላር ለመግዛት ለምታስቡ፣ 8 በ42 የሚለው ይበቃል፤ ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስተዋቱም 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው በማለዳ ደብዛዛ ብርሃን ያሳያል። ከዚያ በላይ የሚያጎላው እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉን ያወዛውዘዋል።

የቦርከና ሽማግሌ፦

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የምትነጋገሩበትን ልጄ አንብቦልኝ እኔ እየነገርሁት ነው የሚጽፈው። ያላችሁት ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ትልቁን ነገር የዘለላችሁት ይመስለኛል። ጥሬው ቢበተንም ባይበተንም ወፉን ወደዚያ መታጠፊያ የሚያመጣው ጭቃው ነው፤ ጭቃው ከሌለ ወፍ የለም። እኔ በወጣትነቴ ከብት የማጠጣባቸው እንዲህ ያሉ ዳርቻዎች ብዙ ነበሩ። ዛሬ አሸዋው በመኪና እየተጫነ ለግንባታ ይሄዳል፤ አሸዋው በተነሣበት ጉድጓድ ይቀራል፣ ውኃው ይጠልቃል፣ ዳሩ ይደረመሳል። ረጅም እግር ያለውም ሆነ አጭር እግር ያለው ወፍ በጥልቅ ውኃ ምን ይሠራል? በበጋ ደግሞ ፓምፕ በየቦታው ተተክሎ ውኃው ለሽንኩርትና ለቲማቲም ይሳባል። ገበሬውን አልወቅስም፤ መብላት አለበት። መኪናም በወንዙ ውስጥ ገብቶ ይታጠባል፤ ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ይወርዳል።

የምትወዱት መታጠፊያ እስካሁን የቆየው መኪና ስለማይገባበት ነው። መንገድ ከወጣለት በአንድ በጋ ያልቃል። እኔ ብሆን ስለ እንጀራ ፍርፋሪ ከመከራከሬ በፊት ወደ ቀበሌው ሄጄ አሸዋ ማውጣት ከዚያ ጥግ እንዲርቅ እጠይቅ ነበር። አገሬው ይሰማችኋል፤ ቀድማችሁ ካነጋገራችሁት።

ጧት በቦርከና፦

አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ጥያቄውን ስጀምር ዓይኔ ያረፈው በተበተነው እህል ላይ ነበር፤ እርስዎ ያነሡት ግን ከሥር ያለው ነው። ከወንዙ ማዶ ባለው ዳርቻ አሸዋ የጫነ መኪና የወጣበት ዱካ በዚህ በጋ መታየት ጀምሯል። ከማሳው ባለቤቶች ጋር ተነጋግረን፣ ከእነርሱም ፈቃደኛ የሆኑትን ይዘን ወደ ቀበሌው ብንሄድ የሚል አሳብ አለኝ። የቃሉ ገበሬ ልጅ፣ አባትህ ቢስማሙ በእርሳቸው አፍ ቢነገር ከእኛ ከከተሜዎቹ ይልቅ ይደመጣል። እኛ ደግሞ ምን ወፍ በየትኛው ወር እንደሚመጣ መዝግበን ብንይዝ ማስረጃ ይሆናል። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው ኢበርድ የተባለ የወፍ መዝገብ አለ፤ ማንኛውም ሰው ያየውን ወፍ፣ ቀኑንና ቦታውን በስልኩ ያስገባበታል። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ እንዳለ ይታወቃል፤ ከእነርሱ ስንቱ በቦርከና ዳር እንደሚያርፍ በየወሩ ካልጻፍነው፣ ስፍራው ሲጠፋ ምን እንደጠፋ እንኳ መናገር አንችልም።

እህቴ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በእናትዎ ልማድ ላይ ክርክር የለኝም። በግቢዎ ውስጥ ጭብጥ ጥሬና በዝርግ ሸክላ የተቀመጠ ውኃ ለልጆቹ ይበቃል፤ ሸክላው በየቀኑ ታጥቦ ውኃው ይለወጥ። በበጋ ውኃው ከጥሬው የበለጠ ወፍ ያመጣላችኋል። ወንዙ ዳር ግን ባዶ እጃችንን እንሂድ።

የሁለት ልጆች እናት፦

አመሰግናለሁ። ስለ ውሻውና ስለ ጉበቱ የተነገረው አስደንግጦኛል፤ በእኛ ሰፈር ከአረፋ በኋላ የሚሆነውን አውቃለሁና ለጎረቤቶቼም እነግራለሁ። ወደ ወንዙ ጥሬ ይዤ አልሄድም፤ በግቢዬ ግን አላቋርጥም። ልጆቹን ይዤ ልመጣ የምችለው መቼ ነው? አካባቢውስ ለሕፃናት ይሆናል?

ጦሳ ሥር፦

አብሽሪ እህቴ፣ ይሆናል። ለልጆች የሚመቸው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም የመስቀል ወፍ ያን ጊዜ ከዳርቻው ሣር ላይ በቅርብ ይታያል። በየአካባቢው የተለያየ ወፍ በዚህ ስም ቢጠራም፣ በቦርከና ዳር ያሉት ወንዱ ቀይና ጥቁር የሆነው ክብ ወፍና ጭራው ከሰውነቱ የሚረዝመው ጥቁርና ነጩ ናቸው። ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ይላሉ ብሎ ያምናል፤ እነርሱ ግን ከአካባቢው ርቀው አይሄዱም። የመራቢያ ወራታቸው ሲያልፍ ወንዶቹ ያሸበረቀውን ላባ ያራግፉና እንደ ሴቶቹ ቡናማ ሆነው ከድንቢጥ መንጋ ጋር ይቀላቀላሉ። በመስከረም ያዩትን ወፍ በጥር በቡናማ ልብሱ ፈልጎ ማግኘት ለልጅ ትልቅ ጨዋታ ነው፤ አርባ ሜትር ርቆ መቀመጥም አያስፈልገውም፣ ከማሳው ድንበር ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል።

ለጥንቃቄ ያህል፣ ልጆቹ ውኃው ውስጥ በባዶ እግራቸው አይግቡ፤ በአካባቢያችን ዝግ ብለው በሚፈሱ ውኃዎች ቢልሃርዝያ የታወቀ በሽታ ነው፣ ተሕዋሱም ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። በመስከረም መጀመሪያ ገና ዝናብ ስላለ፣ ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ቢሆንም ደሴ ላይ ከጠቆረ ወደ አሸዋው አይውረዱ፤ ደራሽ ውኃ ሳይታሰብ ይደርሳል። ለወባ ትንኝ ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ያልብሷቸው፤ ወደ ቤት የሚመለሱትም ከመምሸቱ በፊት ይሁን።

የቃሉ ገበሬ ልጅ፦

ለአባቴ ነግሬዋለሁ፤ ወደ ቀበሌው አብሬያችሁ እሄዳለሁ ብሏል፤ የሁለት ጎረቤቶቻችንንም ስም ሰጥቶኛል። ማክሰኞ ገበያ ስለሆነ አይመችም፤ ረቡዕ ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ቢሆን ሁሉም አለ። እናትየው ከልጆቹ ጋር ሲመጡ በመስኖው ቦይ በኩል ይምጡ። ውሻችን ይታሰራል።